ግማሽና ሲሶ ስንት ነው? የሒሳብ መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜን አብረው የሚያጠኑበት መንገድ

ሐሙስ ከሰዓት፣ የሒሳብ ዲፓርትመንት ስብሰባ። አጀንዳ አንድ፣ ተሙማ። አጀንዳ ሁለት፣ ልዩ ልዩ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ሁሉም ይፈርማል፣ ከዚያ ሻይ ቤት። እንዲህ ባለ ስብሰባ ስንት ዓመት እንደተቀመጥኩ ባልናገር ይሻላል።

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ በወረቀት ሲታይ ምንም አይወጣለትም። እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት በሙያው ላይ እንዲሠራ ይጠይቃል። ጣጣው 60ውን ሰዓት በምን እንደምንሞላው ነው። ማኑዋል እናነባለን። ወይም ሥልጠና የሄደ ባልደረባ ይመለስና ስለ "ተማሪ ተኮር" አቀራረብ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ያወራልናል። ልጁ ደብተሩ ላይ የጻፈው ስሌት ግን አንዴም ጠረጴዛ ላይ አይቀርብም።

እዚህ የማሳያችሁ መንገድ ከዚያ ደብተር ይነሳል። አራት መምህራን አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፣ ሦስቱ ተማሪዎቹን ያያሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። በቃ። ጃፓኖች "ጁግዮ ኬንክዩ" ይሉታል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተውበታል። ሌላው ዓለም ትኩረት የሰጠው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓን፣ የጀርመንና የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርቶች በቪዲዮ ተቀርጸው ከተነጻጸሩ በኋላ ነው። እኛም አገር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ የሒሳብና የሳይንስ መምህራንን ሥልጠና ሲደግፍ ስለነበር ነገሩን በስም የሚያውቅ መምህር አይጠፋም። እኔ "የክፍለ ጊዜ ጥናት" እለዋለሁ። ምሳሌዬ ሁሉ ከ6ኛ ክፍል ክፍልፋይ ነው። እኛ የሠራነው እሱን ነዋ።

መጀመሪያ ሰዎቹ

ሦስት ከሆናችሁ ይበቃል። ከአምስት ካለፋችሁ ስብሰባ ይሆናል። ሁላችሁም የአንድ ክፍል መምህራን ባትሆኑ ደግሞ ይመረጣል። 6ኛ ክፍል ላይ የምትሠሩ ከሆነ የ5ኛውን ወይም የ7ኛውን መምህር ጨምሩ። የ7ኛው መምህር "እኛ ጋ ሲመጡ እኮ ይሄን አያውቁትም" የሚለውን ቅሬታውን ይዞ ይመጣል። ይምጣ፤ ይጠቅማል።

ሱፐርቫይዘሩንና ርዕሰ መምህሩን በመጀመሪያው ዙር አትጋብዙ። በክፋት አይደለም። እነሱ ክፍል ሲገቡ ሁሉም ሰው፣ ተማሪውም ጭምር፣ የተገመገመ ይመስለዋል። ከርዕሰ መምህሩ የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ። ይህን የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ከመውጣቱ በፊት ጠይቁ። ኅዳር ላይ ብትጠይቁ "ፕሮግራሙ አልቋል" ትባላላችሁ፣ እውነትም አልቋል። ሁለት ፈረቃ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ የጠዋቱና የከሰዓቱ መምህር የሚገናኙባት የምሳ ሰዓት አለች፤ ጠባብ ናት፣ ግን ትሠራለች።

በትምህርት ቤቱ ያለው የሒሳብ መምህር እርስዎ ብቻ ከሆኑስ? የጉድኝት ማዕከሉ ለዚህ ነው። ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች ሁለት ሰው ያግኙ። በወር አንዴም ቢሆን ያስኬዳል።

አንድ ሰው ደግሞ በእርግጠኝነት "አበል አለው?" ይላል። የለውም። ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ። የሚቀር ይቅር፣ የቀረው ይሠራል።

1. የሚያመውን ቦታ ከደብተር ፈልጉ

"የተማሪዎች የሒሳብ ውጤት ማነስ" የሚባለው ርዕስ አይሆንም። "ዘንድሮ ዝናብ ጠፋ" እንደማለት ነው። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አያውቅም።

በዚያ ፈንታ እያንዳንዱ መምህር 20 የቴስት ወረቀት ይዞ ይምጣ። ቀይ እስክሪብቶ አይምጣ። ወረቀቶቹን በማርክ ሳይሆን በስህተት ዓይነት ለዩ። እኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ወሰድን፤ 1/2 + 1/3። ጠረጴዛው ላይ አራት ክምር ወጣ። 5/6 ያሉ። 1/6 ያሉ፣ እነዚህ አባዝተዋል። የተበታተኑ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ መልሶች። እና 2/5 ያሉ። የመጨረሻው ክምር ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር። ላዕልን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህትን (የታችኛውን) ከታህት ደምረው መገላገል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ ያስፈልጋችኋል። ወደ ታች መወርወር የለም። በ2014 ዓ.ም. በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃው አንደኛ ደረጃን ወቀሰ፣ አንደኛ ደረጃው ወላጅን ወቀሰ፣ ወላጁ ስልክን። ክምሩ ፊት ለፊታችሁ ስላለ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ልጅ 2/5 ሲል ምን አስቦ ነው? "ስላላጠና" የሚል መልስ አይቆጠርም። ያላጠና ልጅ የተለያየ ነገር ይጽፋል። እነዚህ ግን ተመካክረው የሠሩ ይመስል አንድ ዓይነት መልስ ነው የጻፉት።

2. መጽሐፉን አብራችሁ ሥሩ

"አንብቡ" አላልኩም። የ5ኛ፣ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል የተማሪ መጽሐፍና የመምህሩን መምሪያ ዘርግታችሁ መልመጃዎቹን በእጃችሁ ሥሩ። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ዲግሪ ይዞ 2/3 + 1/4 መሥራት። ግን ስትሠሩ ብቻ ነው "ይህ ቁጥር ለምን ተመረጠ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው።

ይህ ጥያቄ እኛን አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን፣ እኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት ቀን ነው። አንዷ ባልደረባችን ትምህርቱ በ1/2 + 1/4 ይጀመር አለች፤ ወረቀት በማጠፍ ይታያል። ሌላው በ1/2 + 1/3 ይሁን አለ፤ የጋራ ታህት መፈለግ ግድ የሚሆነው እዚያ ነው። ሦስተኛው ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና "በ1/2 + 1/2 ብንጀምርስ?" አለ። ሳቅን። ከዚያ በተሳሳተው መንገድ ሠራነው። ላዕል 2፣ ታህት 4፤ 2/4። ግማሽና ግማሽ፣ ግማሽ ሆነ! ግማሽ ዳቦ ላይ ግማሽ ዳቦ ጨምሮ ግማሽ ዳቦ የሚቀበል ልጅ የለም።

እንዲያውም ቀጠልንበት። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ስትደምሩ መልሱ ሁልጊዜ በሁለቱ ክፍልፋዮች መካከል ነው የሚወድቀው፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ደግሞ እዚያው ቦታ ይቆማል። ማለትም ከትልቁ ክፍልፋይ ፈጽሞ አይበልጥም። 2/5 ከ1/2 ያንሳል፣ ከ1/3 ይበልጣል። ሌላም ሞክሩ። ይህን ያወቀ መምህር "ስህተት ነው" ማለት አይጠበቅበትም። "ግማሽ ነበረህ፣ ጨመርክበት፣ አነሰብህ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል።

ሳልረሳው፣ ቃላቱን እዚሁ ጨርሷቸው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ልጁ ታህት ብሎ የተማረው ነገር በአንድ ክረምት ዲኖሚኔተር ይሆንበታል። የ6ኛና የ7ኛ ክፍል መምህራን አንድ ገጽ የቃላት ዝርዝር አውጥታችሁ ሁለቱም ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ላዕልና ኑሜሬተር ጎን ለጎን። ከቤት የሚመጡትንም ቃላት ጨምሩ፤ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ። የከተማ ልጅ ሲሶን ላያውቅ ይችላል፣ አያቱ ግን የእህል ድርሻ ሲካፈሉ ስለኖሩበት ለምን የጋራ ታህት እንደሚያስፈልግ ከኛ በተሻለ ያስረዱት ይሆናል።

3. ዕቅዱ አንድ ገጽ ይሁን

የተለመደውን የሌሰን ፕላን ቅጽ ለጊዜው ተዉት። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ምን እንደምትጠይቁ። በሁለተኛው ተማሪው ምን ሊመልስ እንደሚችል። በሦስተኛው ያኔ ምን እንደምታደርጉ። ሥራው ያለው መካከለኛው ዓምድ ላይ ነው። ቢያንስ አምስት መልስ ጻፉበት፣ ትክክለኛው ከአምስቱ አንዱ ነው። ዓምዱ ካልሞላ ክምሩን ተመልሳችሁ እዩ።

መሣሪያ ውድ መሆን የለበትም። እኛ የተጠቀምነው ከባለ ካሬ ደብተር የተቆረጠ፣ 12 ካሬ ርዝመት ያለው የወረቀት ቅዳጅ ነው። 12 የተመረጠው ለ2፣ ለ3፣ ለ4ና ለ6 ስለሚካፈል ነው። ግማሹ 6 ካሬ፣ ሲሶው 4 ካሬ፣ ድምሩ 10 ካሬ። 10/12፣ ሁለት ሁለት ካሬ ሲያዝ 5/6። የ2/5ን ድርሻ ፈልጉ ብትሏቸው አምስት ካሬ እንኳ አይሞላም፤ ግማሹ ብቻ ግን ስድስት ነው። ክብ አምባሻ መሳልም ያምራል፣ ግን ክብን ለአምስት እኩል መክፈል ለልጅ ቀርቶ ለኔም ከባድ ነው።

ሰሌዳውንም አቅዱ። ጃፓኖች ለዚህ ራሱን የቻለ ቃል አላቸው፣ "ባንሾ"። ወረቀት ላይ ሰሌዳ ሳሉና ምን የት እንደሚጻፍ ወስኑ። ግራ ጥያቄው፣ መሐል የልጆቹ መልሶች የተሳሳቱትም ጭምር፣ ቀኝ የተደረሰበት። እስከ መጨረሻው ምንም አይጠፋም። ዳስተር የለመደ እጅ ለዚህ ይቸገራል፤ የመጀመሪያ ቀን ዳስተሩን ደብቁት።

40 ደቂቃውን እንዲህ ከፋፈልነው፤ 5 ለጥያቄው፣ 10 በግልና በጥንድ ለመሥራት፣ 18 ለክርክር፣ 7 ለመውጫ ጥያቄ። የመውጫ ጥያቄው በቁራጭ ወረቀት የሚመለስ ነው፤ "1/3 + 1/4 ከ1/3 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ለምን?" ስሌት አይፈልግም። "ለምን" የምትለዋ ናት ዋናዋ።

4. አንዱ ያስተምር፣ ሌሎቹ ልጆቹን ይዩ

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ ልናገር። በአንድ ወቅት፣ በሌላ ትምህርት ቤት፣ ይህንኑ ሞክረን ነበር። ታዛቢዎቹ የሱፐርቪዥን ቅጽ ይዘን ኋላ ወንበር ላይ ተደረደርን። "የድምፅ አጠቃቀም፣ ጥሩ። የሰሌዳ አጠቃቀም፣ መሻሻል ያለበት።" ከክፍል ስንወጣ አንድ በአንድ አነበብንላት። ያቺ መምህርት ከዚያ በኋላ በሯን ከፍታልን አታውቅም። አልፈረድኩባትም። አብረን ያቀድነውን ትምህርት እሷን ብቻ ገመገምንበት።

ስለዚህ ቅጽ አይገባም። ታዛቢ ኋላ አይቀመጥም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም ማየት አይቻልምና እያንዳንዱ ታዛቢ ሁለት ዴስክ ይያዝ። በአንድ ዴስክ ሦስት ቢቀመጡ ሦስት ታዛቢ 18 ልጅ ያያል። ጎናቸው ቁሙ፣ ልጆቹ የሚሉትን በራሳቸው ቃል ጻፉ፣ ሰዓቱን ጎኑ ላይ አስፍሩ። አትርዱ። ይህ በጣም ይከብዳል። ልጅ ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት ለመምህር እንደ ማሳከክ ነው። እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ።

ለተማሪዎቹ ደግሞ መምህሯ መጀመሪያ ትንገራቸው፤ "ቲቸሮቹ የመጡት እናንተ እንዴት እንደምታስቡ ሊማሩ ነው።" አምስት ደቂቃ ያፈጥጣሉ፣ ከዚያ ይረሷችኋል።

አሁን አራታችን ያቀድነው ትምህርት ወደተሰጠበት ክፍል እንመለስ። 1/2 + 1/2 ሲመጣ ሁሉም "አንድ!" አለ። 1/2 + 1/3 ላይ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ጎን ያለችው ልጅ 2/5 ጽፋለች። የዴስክ ጓደኛዋ ቅዳጁን አጥፎ አሳያት፤ "ይኸው አሥር ካሬ ሆነ።" አየችው። አመነችም። ግን መልሷን አላጠፋችም። ቀስ ብላ እንዲህ አለችው፤ "ቲቸር ራሷ ቴስታችን ላይ 7/10 እና 8/10 ደምራ 15/20 ትጽፍ የለ!"

ወረቀቴ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ 3፡22። ቀና ስል ላብ ላብ ብሎኛል። እውነቷን ነው። ሁላችንም እንደዚያ እንጽፋለን።

5. በዚያው ቀን ተነጋገሩ

ነገ ይደርሳል አትበሉ፣ ነገ ይረሳል። ቅደም ተከተሉ ግን አይዛባ። መጀመሪያ ያስተማረችው ትናገር፤ ያሰበችው የት እንደሆነላት፣ የት እንዳልሆነላት። ከዚያ ታዛቢዎች ያዩትን ብቻ። "መሰለኝ" የለም፣ "አየሁ፣ ሰማሁ" ነው። አንድ ሰው "ትንሽ ፈጠን ብለሻል" ማለት ሲጀምር ጸሐፊው ያስቁመውና "የትኛው ልጅ ላይ አየኸው?" ይበለው። ምክንያቱና መፍትሔው ሦስተኛ ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ተኩል ይለቅ። ጎበዝ የሚባል ባልደረባ ካለ፣ ሁሉንም በሦስት ደቂቃ የሚያስረዳ፣ እሱን ጸሐፊ አድርጉት። የሚጽፍ ሰው ብዙ አያወራም።

የልጅቷን ቃል ሳነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። መካከለኛው ዓምዳችን ላይ ይህ አልነበረም። አራት ሰው፣ አንድ ከሰዓት፣ ማናችንም አላሰብነውም። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ አንድ ቦታ በትክክል የሚሠራ ሕግ ወስዳ ሌላ ቦታ ተጠቀመችበት። የቴስቱ ማርክ ላይ ሙሉው ራሱ ይደመራል፣ 10 ላይ 10 ተጨምሮ 20 ይሆናል። ቅዳጁ ላይ ግን ሙሉው አንዱ ቅዳጅ ነው፣ አይጨምርም። ልዩነቱ ያለው "የምን ግማሽ?" በሚለው ጥያቄ ውስጥ ነው። ይህን ደግሞ ከመካከላችን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

6. አስተካክላችሁ ሌላ ሴክሽን ላይ ሞክሩ

ይህ የግድ አይደለም፣ ጃፓኖቹም ሁልጊዜ አያደርጉትም። እኔ ግን አድርጉት እላለሁ። በሳምንቱ 6ለ ላይ ሌላ መምህር ገባ። ሰሌዳው ግራ ላይ 7/10 እና 8/10፣ 15/20 ብሎ ጻፈ፣ ቀኝ ላይ ቅዳጁን ለጠፈ። ጥያቄው፤ "ሁለቱ ለምን ተለያዩ?" ክርክሩ ሞቅ ከማለቱ የተነሳ የመውጫ ጥያቄው ሳይደርስ ደወለ። በማግስቱ ስንሰበስበው አሁንም 2/5 ዓይነት መልስ የሰጡ ነበሩ፣ ቀንሰው። "ለምን" ለሚለው ግን ብዙዎቹ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንዱ "ጨምሬበት ሊያንስ አይችልም" ብሏል። ያቺን ወረቀት እስካሁን አልጣልኳትም።

7. ማህደርና ሰዓት

ሁሉንም በሁለት ገጽ ጨርሱት። አንዱ የተስተካከለው ዕቅድ፣ ሌላው ያያችሁት። የሰሌዳውን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ጫኑ፤ የልጅ ስምና ፊት ግን አይግባ። ሁለቱ ገጽ ማህደረ ተግባራችሁ ውስጥ ይገባል። ሱፐርቫይዘሩን የምትጠሩት አሁን ነው፤ የሚያየው ነገር አለ።

ሰዓቱን ላስላላችሁ። ደብተር መለየት 2፣ መጽሐፍ መሥራት 3፣ ማቀድ 3፣ ትምህርቱ ከነዝግጅቱ 1፣ ውይይት 1 ተኩል፣ ድጋሚው ከነውይይቱ 2። ድምሩ 12 ሰዓት ተኩል። በወሰነ ትምህርት ሁለት ዙር ብትሠሩ በዓመት አራት ዙር፣ 50 ሰዓት። ከ60ው የቀረችውን 10 ሰዓት ማኑዋል አንብቡባት።

ማህደሩን ከመዝጋታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ጥያቄ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ጻፉት፣ አለዚያ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። የኛ ከ7ኛ ክፍሉ ባልደረባችን መጣ። 0.35 እና 0.5 የትኛው ይበልጣል? አብዛኛው ልጅ 0.35 ይላል፣ 35 ከ5 ስለሚበልጥ። ሐሙስ ሁላችንም 20 20 ወረቀት ይዘን እንመጣለን።